ባከን ኳስ መጣሉን ለምን ተወ? ስሊቭ ከፕለግ-ኤንድ-ፐርፍ ጋር

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ስላለው የዘይት አለት፣ ስለ ባከን ነው። እዚያ የዘይት ሥራው በተጧጧፈባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ ከ2008 እስከ 2012 ገደማ፣ ብዙ አግድም ጉድጓዶች የሚጠናቀቁት በኳስ በሚከፈት ስሊቭ ነበር። አግድሙ ውስጥ የሚገባው ብረት ቱቦ፣ ላይነሩ፣ ሲሚንቶ አይፈስበትም። ፓከሮች (ቱቦው ላይ ያሉ ክፍተቱን የሚዘጉ ቀለበቶች) ከአለቱ ጋር እየተጣበቁ አግድሙን በክፍል በክፍል ይለያዩታል፤ በየክፍሉ አንድ ተንሸራታች በር አለ፤ ስሊቭ የሚባለው እሱ ነው። ከላይ ኳስ ይጣላል፣ በልኩ የተሠራው መቀመጫ ላይ ያርፋል፣ ከኋላው የሚመጣው ግፊት በሩን ገፍቶ ይከፍታል፤ ውሃውና አሸዋው በዚያ ወጥቶ አለቱን ይሰነጥቃል። ቀጥሎ በጥቂቱ የሚበልጥ ኳስ ይከተላል። እንዲህ እያለ ከጫፍ (ከአግድሙ ሩቅ ዳር) ወደ ተረከዝ (ጉድጓዱ ወደ አግድም ወደሚታጠፍበት)፣ ፓምፑ እምብዛም ሳይቆም ያልቃል።

ፕለግ-ኤንድ-ፐርፍ ግን ለእያንዳንዱ ስቴጅ (ባንድ ጊዜ ለሚሰነጠቀው ክፍል) እንደ አዲስ ይጀመራል። በዋየርላይን፣ ማለትም በብረት ገመድ፣ ውታፍና የመብሻ ጠመንጃ ይወርዳል፣ ውታፉ ይቀመጣል፣ ቱቦው ይበሳል፣ ገመዱ ይወጣል፣ ከዚያ ነው ፓምፕ የሚደረገው። ሁሉም ሲያልቅ ውታፎቹን አንድ በአንድ ሰርስሮ ማውጣት ደግሞ አለ። ይህን ሁሉ ድካም እያየሁ፣ ዛሬ በባከንም ሆነ በሌሎቹ የአሜሪካ ዘይት መስኮች፣ በፐርሚያንና በኢግል ፎርድ፣ የሚሠራበት ፕለግ-ኤንድ-ፐርፍ መሆኑ አይገባኝም። እኔ የምለው፦ ስሊቩ ጊዜው ሳይደርስ ተጣለ። ሌላው የተከተለው ፋሽን ነው። የምትቃወሙኝ ካላችሁ አስረዱኝ።

ይህን ከለጠፍኩ በኋላ 29 መልስ መጣ። ግማሹ ረጅም ነው፣ ጥቂቱ ስድብ ቀረሽ፣ አንዳንዱም ከጉዳዩ የወጣ። ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲመች የተባለውን በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ። ያዳላሁ የመሰለው ካለ ከታች ይጻፍልኝ።

መልስ 1 እጅግ ጨዋ ነበር። ጸሐፊው ለጥያቄው አመስግኖ አንድ እርማት ብቻ አስገባ፦ ባከን ሼል (ደቃቅ የጭቃ አለት) ነው እየተባለ ቢጠራም ጉድጓዱ የሚነዳው በላይኛውና በታችኛው ሼል መካከል ባለው በመካከለኛው ባከን ነው። እሱም ዶሎማይት የተቀላቀለበት፣ ደቃቅና ጠንካራ አለት ነው፤ ሼሎቹ ዘይቱን ያፈለቁ ናቸው። እርማቱ ልክ ነው፣ ጥያቄዬን ግን አልነካውም ብዬ አለፍኩ። ኋላ መልስ 22 ላይ እንደሚታየው ማለፌ ስህተት ነበር።

መልስ 2 የመጣው ዋየርላይን መኪና ላይ ከሚሠራ ወንድም ነው። ስለ ፋሽን አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሒሳብ አስቀመጠ። ኳሶቹ በመጠን መለያየት አለባቸው፤ ትንሹ ወደ ጫፍ፣ ትልቁ ወደ ተረከዝ። ከ1 ኢንች ተነስቶ እስከ 3 ኢንች ተኩል ድረስ ቦታ አለ እንበል። በመቀመጫዎቹ መካከል አንድ ስምንተኛ ኢንች ልዩነት ከተያዘ የሚገባው ሃያ አንድ ኳስ ነው። ልዩነቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ቢጠብ እንኳ አርባን ጥቂት ያልፍና ያበቃል። የ10,000 ጫማ አግድም ለሃያ በር ሲካፈል ለአንድ በር 500 ጫማ ይደርሰዋል። በሌላው ዘዴ ግን ውታፎቹ ሁሉ አንድ ልክ ስለሆኑ ቁጥራቸው ወሰን የለውም፤ 50 ስቴጅ፣ በየስቴጁ 8 ክላስተር (የቀዳዳ ስብስብ) ቢበሳ 400 መግቢያ ይሆናል፤ በየ25 ጫማው አንድ። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመረ፦ በጫፍ በኩል ያሉት መቀመጫዎች ጠባብ ስለሆኑ ሁሉም ውሃ በዚያች ቀዳዳ ማለፍ አለበት፤ ስለዚህ ፓምፑ እንደልብ አይሮጥም።

እውነቱን ለመናገር ከዚህ በኋላ ክሩ ቢዘጋ ግማሽ መልሴን አግኝቻለሁ።

መልስ 3 ግን በዚህ አልረካም። ሁሉም ስሊቭ ኳስ የሚፈልግ አስመስለን መነጋገራችን እንዳበሳጨው ገልጾ፣ በምዕራብ ካናዳ፣ በሳስካቸዋን ባሉት በባከንና በቫይኪንግ የዘይት አለቶች፣ በኮይልድ ቲዩቢንግ የሚከፈቱ ስሊቮች ብዙ ሥራ መሥራታቸውን አስታወሰ። እዚያ ከበሮ ላይ የተጠመጠመው ብረት ቱቦ መሣሪያ ይዞ ይገባል፣ አንዱን በር ይይዛል፣ ከበታቹ ይዘጋል፣ በሩን ይከፍታል፤ ውሃው በዚህ ቱቦና ጉድጓዱን በሸፈነው ቱቦ (ኬዚንግ) መካከል ይላካል። ከዚያ መሣሪያው ተለቆ ወደሚቀጥለው ይሳባል። ኳስ የለም፣ የመቀመጫ ልክ የለም፣ ለእያንዳንዱ መግቢያ የራሱ የሆነ አሸዋ ይደርሰዋል። ስለዚህ የመልስ 2 ሒሳብ የኳሱን እንጂ የስሊቩን ሐሳብ አይጥልም። መልስ 4 ይህን ደግፎ ሌላ ጥቅም አከለ፦ አሸዋው ታንቆ ግፊቱ ቢያሻቅብ ቱቦው እዚያው ውስጥ ስለሆነ ወዲያው አሽከርክሮ ማጠብ ይቻላል።

መልስ 5 ሳቅ ብቻ ነበር።

መልስ 6 ላይ አንድ ጋሼ ገቡ። በስሊቭ ዘመን በቦታው የነበሩ ሰው ናቸው፤ ኩባንያውን አልጠሩም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ኳሱ መድረሱን የሚያውቁት ግፊቱ ሽቅብ ብሎ ሲወርድ በሚታየው ምልክት ብቻ እንደነበር ተረኩ። አንድ ሌሊት ሁለት ኳስ ተከታትሎ ተጣለ፣ የመጀመሪያው ምልክት ሰጠ፣ ሁለተኛው ድምፁን አጠፋ። መቀመጫው ተበልቶ ኳሱ አልፎ ሄደ? በሩ ሳይታይ ተከፈተ? ወይስ ሁለት በር ባንድ ተከፈተ? ማንም አላወቀም። አለቃቸው ቀጥሉ አለ፤ ቀጠሉ። ከዚያ ወዲያ የተላከው አሸዋ የት እንደገባ እሳቸው እስከ ዛሬ አያውቁም። ወደ ኋላ ተመልሶ ያንን ክፍል እንደገና መሥራት አይቻልም፣ ምክንያቱም መቀመጫዎቹ በመንገድ ላይ ናቸው። በፕለግ-ኤንድ-ፐርፍ ቢሆን ግን ጠመንጃው ካልተኮሰ ወጥቶ ሌላ ይገባል። ዘገምተኛ ነው፣ ግን ያደረግኸውን ታውቃለህ ነው የጋሼ ነገር።

መልስ 7 ጋሼን በአክብሮት ተቃወመ። ያደረግኸውን ታውቃለህ የሚለው ግማሽ እውነት ነው፤ ቀዳዳው መበሳቱን ታውቃለህ እንጂ ውሃው በየትኛው እንደገባ አታውቅም። በ2011 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት፣ ከመቶ በላይ የሆኑ አግድም ጉድጓዶችን የምርት ምዝገባ (ከየትኛው ቀዳዳ ስንት እንደሚወጣ የሚለካበትን) ተመልክቶ፣ ከክላስተሮቹ ሲሶ የሚሆኑት ምንም እንደማያመርቱ ማሳየቱን ጠቀሰ። እንግዲህ 400 መግቢያ ስንል ስንቱ በእውነት ገብቷል?

ይህ የክሩ ዋና ጥያቄ ሆነ፤ የኔ ጥያቄ ከዚህ በኋላ ተረሳ ማለት ይቻላል። አልከፋኝም።

መልስ 8 ረጅሙ ነው፣ የጻፈችውም የሪዘርቫየር መሐንዲስ የሆነች እህታችን ናት። የሰሜን ዳኮታ ግዛት ለሕዝብ የሚያወጣውን የጉድጓድ መዝገብና ከ2011 ጀምሮ ኩባንያዎች የላኩትን ፈሳሽ የሚመዘግቡበትን ፍራክፎከስን አጣምራ እንዳየች ተናገረች። ማንም ሰው የመጀመሪያ ዓመት ምርትን በየዘዴው ለይቶ ቢደረድር ፕለግ-ኤንድ-ፐርፍ እንደሚበልጥ አልካደችም። የተቃወመችው ምክንያቱን ነው። ከስሊቭ ወደ ፕለግ-ኤንድ-ፐርፍ የዞሩት ኩባንያዎች በዚያው ሰሞን የቀየሩት አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ወፍራሙን ጄል ትተው ወደ ስሊክዋተር፣ ማለትም ሰበቃ የሚቀንስ ጥቂት ኬሚካል ወደገባበት ቀጭን ውሃ ሄዱ። ለአንድ ጫማ የሚላከውን አሸዋ በእጥፍና ከዚያም በላይ አሳደጉት። የዘይት ዋጋ በ2014 መጨረሻ ሲወድቅ ደግሞ ደካማውን መሬት ትተው ወደ እምብርቱ ተሰበሰቡ። አራት ነገር ባንድ ጊዜ ተቀይሮ ምርቱ ሲጨምር ምስጋናው ለአንዱ ብቻ ተሰጠ።

እሷ የምትለው፣ ማወዳደር የሚፈልግ ሰው በአንድ አካባቢ፣ በተቀራራቢ ጊዜ፣ በአንድ ጫማ እኩል አሸዋና እኩል ውሃ የወሰዱትን ጉድጓዶች ነጥሎ ይይ። ያኔ ልዩነቱ ይጠባል። ምን ያህል እንደሚጠብ ቁጥር አልሰጠችም፤ እንደየመሬቱ ይለያያልና አንድ ቁጥር መጥራት ማታለል ነው ብላ ታምናለች። አንድ ነገር ግን አጥብቃ ያዘች፦ የመጀመሪያ ዓመትን ብቻ ማየት አያዋጣም። እነዚህ ጉድጓዶች በመጀመሪያው ዓመት ከግማሽ በላይ ስለሚወርዱ፣ የስንጥቆች መብዛት ዘይቱን ቶሎ አወጣው ወይስ በጠቅላላው ጨመረው የሚለው የሚለየው ዘግይቶ ነው።

መልስ 9 እና 10 ላይ ነገሩ ጎመዘዘ። መልስ 9 ቢሮ ተቀምጦ ግራፍ የሚስል ሰው ስለ ጉድጓድ ባይናገር ይሻላል በሚል መንፈስ የተጻፈ ነው፤ ለእህታችን እንደሆነ ግልጽ ነበር። መልስ 10 የሷ ነው። ዘጠነኛው ጸሐፊ በሜዳ ሲሠራ ያየው የራሱን ጉድጓዶች ብቻ መሆኑን፣ እሷ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ጉድጓዶችን መዝገብ ማየቷን፣ ሁለቱም የሚጎድላቸው ነገር እንዳለና የሱ ጉድለት ጨዋነትንም እንደሚጨምር በሦስት መስመር አስቀመጠችው። ከዚያ ሌሎችም ገብተው ተነካከሱ፤ እስከ መልስ 13 ያለው ስለ ዘይት አይደለም። መልስ 13 መጨረሻ ላይ ጋሼ ተመልሰው ሁለቱንም ገሠጹ፤ ዘጠነኛው ይቅርታ ጠየቀ፣ ግማሽ ይቅርታ።

መልስ 14 ክሩን አዳነው። ጸሐፊው ክላስተሮች ለምን እኩል እንደማይበሉ በቀላል ቀመር አሳየ። ውሃው በአንዲት ቀዳዳ ሲያልፍ የሚጠፋው ግፊት ከፍሰቱ ጋር በካሬ ያድጋል፣ ከቀዳዳው ዲያሜትር ጋር ደግሞ በአራተኛ ኃይል ይቀንሳል። የሱ ምሳሌ፦ በደቂቃ 90 በርሜል፣ 30 ቀዳዳ፣ ማለት ለአንዷ 3 በርሜል። ቀዳዳዋ 0.40 ኢንች፣ የማስተላለፊያ ቁጥሯ (ውሃ በምን ያህል ቅለት እንደምታሳልፍ የሚያሳየው) 0.75 ከሆነ፣ ንጹሕ ውሃ ሲያልፍ ወደ 1,240 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ይጠፋል። አለቱ ከክላስተር ክላስተር በጥንካሬው የሚለያየው በጥቂት መቶ ፒኤስአይ ከሆነ ይህ የቀዳዳ ሰበቃ ልዩነቱን ይሸፍነዋል፤ ውሃው ደካማውን ብቻ እየመረጠ አይገባም። ቀዳዳዎቹ ወደ 24 ቢቀነሱ ሰበቃው ወደ 1,940 ይወጣል። ሊሚትድ ኤንትሪ የሚባለው ይኸው ነው፦ ጥቂት ቀዳዳ ብሳ፣ ግፊቱን ከፍለህ እኩልነትን ግዛ። እንደሱ አባባል ፕለግ-ኤንድ-ፐርፍን ያዳነው ይህ ነው። በ2011 ጥናት ላይ ያለው ሲሶ የሚመለከተው ቀዳዳ በብዛት ይበሳበት የነበረውን አሮጌውን አበሳስ ነው፤ ጥናቱን ይዞ የዛሬውን መክሰስ አይገባም።

መልስ 15 ሒሳቡን ደግሞ ሠርቶ ትክክል መሆኑን አረጋገጠ፣ ግን አሸዋውን ረሳህ አለው። አሸዋ ቀዳዳውን ይበላዋል። 0.40 የነበረው 0.46 ሲሆን፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆይ፣ ያ 1,240 ወደ 710 ይወርዳል። ከዚያ በከፋ መልኩ ጠርዙ ሲለሰልስ የማስተላለፊያ ቁጥሩም ይጨምራል፣ ሰበቃውም ይበልጥ ይቀንሳል። ሥራው ሲጀመር የነበረው እኩልነት ሳያልቅ ይፈርሳል ማለት ነው። መልስ 16 ይህን በጉድጓድ ውስጥ ካሜራ ማየቱን መሰከረ፦ ወደ ተረከዝ ያሉት ክላስተሮች ብዙ ጊዜ ይበልጥ ይበላሉ፣ ቱቦው ሥር ያሉት ቀዳዳዎችም ከላይኞቹ ይሰፋሉ፤ አሸዋ ከባድ ነውና። ለዚህ ነው አሁን አሁን ብዙዎች ዙሪያውን መብሳት ትተው ሁሉንም ቀዳዳ በአንድ አቅጣጫ፣ በብዛት ወደ ላይ፣ የሚበሱት። ይህችን አላውቅም ነበር፤ ወደድኳት።

ከ17 እስከ 20 ያለው መንገድ ስቶ ሄደ። አንዱ ለመሆኑ ይህን አለት የመሰንጠቅ ሥራ (ፍራኪንግ) ማን ጀመረው ሲል ጠየቀ፤ ሌላው በ1947 በካንሳስ ሁጎተን የጋዝ መስክ፣ ስታኖሊንድ የተባለው ኩባንያ በናፓልም የወፈረ ቤንዚን ጉድጓድ ውስጥ ልኮ እንደሞከረ፣ ምርቱም እምብዛም እንዳልጨመረ፣ በመጋቢት 1949 ሃሊበርተን በኦክላሆማና በቴክሳስ ለገበያ መሥራት እንደጀመረ ተረከ። ሦስተኛው ዋናው ሰው የቴክሳሱ የጋዝ ባለሀብት ጆርጅ ሚቸል ነው፣ በዚያው ባለው በባርኔት ሼል በ1990ዎቹ መጨረሻ ስሊክዋተር የሠራለት እሱ ነው በማለት ተከራከረ። መልስ 20 ደግሞ በዚሁ አጋጣሚ ስለ ኦክላሆማ የመሬት መንቀጥቀጥ ፍራኪንጉን ወቀሰ። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ በ2016 ፓውኒ ላይ የደረሰውን 5.8 ጨምሮ ያ መንቀጥቀጥ በዋናነት የተያያዘው ከዘይት ጋር የሚወጣውን ጨዋማ ውሃ ወደ ጥልቅ አለት መልሶ ከማፍሰስ ጋር ነው። ጉዳዩ ከባድ ነው፣ የራሱን ክር ይፈልጋል።

መልስ 21 የኔን ጥያቄ በቀጥታ የመለሰው ነው። ስሊቭ ፈጣን ነው ያልኩት አንድ ጉድጓድ ለብቻው ሲታይ ነው። በባከን መጀመሪያ ላይ በአንድ ቦታ አንድ ጉድጓድ ይቆፈር ነበር፤ ያኔ ገመዱ ሲወጣና ሲገባ ፓምፖቹ፣ ሠራተኞቹ፣ መኪኖቹ ሁሉ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ጥበቃው ገንዘብ ነው። ኋላ ግን በአንድ ሜዳ ላይ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት ጉድጓድ ጎን ለጎን መቆፈር መጣ። በዚፐር ፍራክ አንዱ ጉድጓድ ፓምፕ ሲደረግ በሌላው ዋየርላይኑ ይበሳል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ገመዱ የሚወስደው ጊዜ ከፓምፑ ጊዜ ሥር ተደበቀ። ሲሙል ፍራክ ሲመጣ ደግሞ በአንድ የፓምፕ ሰልፍ ሁለት ጉድጓድ ባንድ ጊዜ ይሰነጠቅ ጀመር። የስሊቩ ትልቁ ጥቅም አለመቆሙ ነበር፤ ሌላኛውም መቆሙን ሲያቆም ጥቅሙ ጠፋ። ጉዳዩ የዘዴ ብልጫ ሳይሆን የሜዳው አደረጃጀት መለወጥ ነው።

ፋሽን ያልኩትን እዚሁ ላይ ነሣሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳሰላስል የነበረውን ነገር በአንድ አንቀጽ ጨረሰልኝ።

መልስ 22 ወደ መልስ 1 መለሰን። መካከለኛው ባከን ጠንካራና የተሰባበረ አለት ስለሆነ ሲሚንቶ በሌለው ጉድጓድ ውስጥ ስንጥቁ በፓከሮቹ መካከል ደካማ ቦታ ፈልጎ ይነሳል፤ 500 ጫማ ክፍል ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ትልልቅ ስንጥቅ ወጥቶ የቀረው ሳይነካ ሊቀር ይችላል። በሲሚንቶ የታሰረና የተበሳ ቱቦ ግን መነሻውን አንተ ትመርጥለታለህ። መልስ 23 ተቃወመው፤ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ስንጥቁ ከአለቱ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ በቀዳዳ በኩል ተጠማዞ ከመውጣት የሚመጣው ግፊት እንደማይኖር አነሳ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ክርክር አልመለሰም።

መልስ 24 ሁላችንንም ትንሽ አዋረደን። በቴክሳስ ሬገን ካውንቲ በተካሄደው የሃይድሮሊክ ፍራክቸሪንግ መሞከሪያ ጣቢያ ሥራ፣ በዎልፍካምፕ አለት ውስጥ ስንጥቆቹ ከተሠሩ በኋላ በአጠገባቸው ያዘነበለ ጉድጓድ ተቆፍሮ ወደ 600 ጫማ የሚጠጋ የአለት ናሙና ወጣ። በሥዕሎቻችን ከየክላስተሩ አንድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይወጣል፤ በናሙናው ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ስንጥቆች፣ አንዳንድ ቦታ ተቃቅፈው፣ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ ጠፍተው ተገኙ፤ በአሸዋ ተሞልተው የተገኙት ግን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የመግቢያ ቁጥር ላይ የምንጣላው ነገር ከቱቦው ጥቂት ጫማ ርቆ ሲሄድ ሌላ መልክ እንዳለው አስታወሰን።

መልስ 25 መልስ 3ን ጠይቆ ያስጨነቀ ነው። ኮይልድ ቲዩቢንጉ ሦስት ማይል አግድም ውስጥ እንዴት ይደርሳል? ቱቦው ሲገፋ ከግድግዳው ጋር እየተፋተገ ይጠማዘዛል፣ ከዚያ ይቆለፋል፤ ከላይ ብትገፋው አይንቀሳቀስም። በዚያ ላይ ውሃው በጠባብ ክፍተት ስለሚላክ በደቂቃ 90 በርሜል የሚታሰብ አይደለም። የካናዳዎቹ ጉድጓዶች አጠር ያሉና የሚላክባቸው መጠን ትንሽ ስለሆነ ተስማማቸው። መልስ 3 ተመልሶ መጣ፤ ነጥቡን ተቀበለ፣ ግን ይኸው የቱቦ መቆለፍ ፕለግ-ኤንድ-ፐርፍንም እንደሚመታ፣ በጫፍ ያሉትን ውታፎች መሰርሰር እንደሚያቅት ገልጾ መለሰለት። መልስ 27 ለዚህ ነው በማግኒዚየም ቅይጥ የሚሠሩና ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚሟሙ ውታፎች የተወደዱት የሚል ነበር። አንዳንዱ ግን ሳይሟሟ ይቀራል፣ አንዳንዱም ከሰዓቱ በፊት ይፈርሳል።

መልስ 28 ዋየርላይኑ ላይ የሚሠራው ወንድም ነው። ያረጁት የስሊቭ ጉድጓዶች ዛሬ እንደገና ሊሰነጠቁ ሲታሰብ ምን እንደሚያጋጥም ጠየቀ። መልስ 29 ላይ ጋሼ መለሱ፦ መጀመሪያ መቀመጫዎቹን ሁሉ ሰርስሮ ማጽዳት፣ ከዚያ ጠበብ ያለ ላይነር ከውስጥ አስገብቶ በሲሚንቶ ማሰር፣ ከዚያ በፕለግ-ኤንድ-ፐርፍ እንደ አዲስ መብሳት። ያ ድምፁን ያጠፋው ኳስ ያለበት ጉድጓድ ለዚህ ሥራ ቢመረጥ፣ መሰርሰሪያው ሲወርድ እሳቸውም በቦታው መገኘት እንደሚፈልጉ ጨመሩበት።